ከጎንደር እስከ ደባርቅ፦ ቃሬዛው ከወረደ በኋላ

ጎንደር የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፋሲል ግንብ በየት በኩል እንደሆነ ነው። እኔ ባለፈው ጥር ለጥምቀት ስሄድ ግን እግሬ በቀጥታ የወሰደኝ ወደ ሆስፒታሉ በር ነው። ነርስነትን የተማርኩት፣ መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩት፣ ሰው ሲሞትም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚህ ከተማ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ልጆቼ “እማዬ፣ በዓል ልታከብሪ ነው የምትሄጂው ወይስ ተረኛ ልትገቢ?” እያሉ ይስቁብኛል።

የጥር ጠዋት በጎንደር ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ፀሐይዋ ገና ከተራራው ብቅ ሳትል ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ጋቢ የተከናነቡ ገበሬዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶችና አንድ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ አዛውንት ተሰልፈዋል። ብዙዎቹ በእጃቸው ሁለት ነገር ይዘዋል፤ አንዱ የሪፈር ወረቀት፣ ሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ የጤና መድህን ደብተር። ደብተሩን ሳይ ቆም አልኩ። በእኔ የሥራ ዘመን በዚያ እጅ ላይ የነበረው በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ብር ነበር። ብር የሌለው ደግሞ ከቀበሌው ወይም ከገበሬ ማኅበሩ ያጻፈውን የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዞ ይመጣ ነበር። ማኅተሙ ከደበዘዘ ወይም ቀኑ ካለፈ መንገዱን ተመልሶ ይሄድበታል።

አንድ የቆየ ጥያቄ ያኔ ነው የተቀሰቀሰብኝ። የሰው ልጅ ሲታመም የሚያሳክመው ማነው? ራሱ ነው፣ ዘመዱ ነው ወይስ መንግሥት? በዚህ ጉዞዬ መልሱን ከባለሥልጣን አፍ ሳይሆን ከመንገዱና ከመንገደኛው ለመስማት ሞክሬያለሁ።

የጎንደር ከተማ በዚህ ጉዳይ ላይ የምትነግረን ብዙ ታሪክ አላት። የጤና ኮሌጁ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር። ያ እልቂት ለኮሌጁ መከፈት ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት እገዛ አደረጉለት። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪሞችን አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር እንዲወርዱ ነው ያዘጋጃቸው። ተማሪዎቹ ቆላ ድባን በመሳሰሉ ጤና ጣቢያዎች እየወጡ ምንጭ ሲያጎለብቱ፣ ሽንት ቤት ሲያስቆፍሩ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ እርጉዝ ሲመረምሩ ይለማመዱ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ሐኪም በቁጥር እስኪበዛ ድረስ ሕዝቡ እየሞተ መጠበቅ የለበትም፤ ባለው ሰው፣ ባለው አቅም መንግሥት ወደ ሕዝቡ መሄድ አለበት።

በ1970ዎቹ መባቻ በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የሐኪሞች ትምህርት ተጨመረ። በዚያው ሰሞን፣ በ1971 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ የዓለም አገሮች በአልማ አታ ከተማ ተሰብስበው “ጤና ለሁሉም በ2000” የሚለውን ዓላማ ተቀበሉ። እኛ ተማሪዎች መፈክሩን በቀይ ቀለም ግድግዳ ላይ ጽፈነዋል። 2000 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነበር። እኛ በራሳችን አቆጣጠር ስምንት ዓመት ጨምረን ብንጠብቀውም አልመጣም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አብራኝ የሠራች ጓደኛዬን ልጠይቅ ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወለቃን አልፈን፣ ኮሶዬ ላይ ስንደርስ በግራ በኩል መሬቱ ተቆርጦ ቆላው ከታች እንደ ባሕር ይታያል። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ። ወገራ ገብሱ ታጭዶ፣ ክምሩ በየአውድማው ቆሞ፣ በሬዎቹ እያበራዩ ነበር። ነፋሱ በተዘጋ መስኮት እንኳ ይገባል።

ከጎኔ የተቀመጡት የጃናሞራ ገበሬ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን አሳክመው መመለሳቸው ነው። ልጁ ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ነርስ እንደነበርኩ ሲሰሙ መድኃኒቱን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ።

“ሲስተር፣ ይህችን እዩልኝ። ሦስት መድኃኒት ነበር የታዘዘለት። አንዱን ሰጡኝ፤ ሁለቱን ‘ከውጭ ግዙ’ አሉኝ። እኔ እኮ መድህኑን ከፍያለሁ። ደብተሩ ይኸው። ታዲያ ሁለት ጊዜ መክፈል ተገቢ ነው?”

ከፊት የተቀመጠ የዳባት ነጋዴ ነኝ ያለ ወጣት ዞር ብሎ ገባበት። “አባባ፣ እኔ ለዚህ ነው የማልከፍለው። አምስት ዓመት ታምሜ አላውቅም። ለምን የሌላ ሰው ሕክምና እከፍላለሁ? ግብር እከፍል የለ? መንግሥት በግብሩ ያሳክም።”

ኋላ ያለች መምህርት ደግሞ “ሕገ መንግሥቱ እኮ የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል” አለች። ሚኒባሱ በአንዴ ሸንጎ ሆነ። ረዳቱ ሳይቀር ሐሳብ ሰጠ።

መምህርቷ ያለችው እውነት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት። አንቀጽ 90 ግን “የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን” የሚል ማሰሪያ አለው። ክርክሩ ሁሉ ያለው በዚህች ማሰሪያ ውስጥ ነው። አቅም የሚለካው በማን ሚዛን ነው? የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከመንግሥት በጀት ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገብተዋል። ሚዛኑን ራሳቸው አስቀምጠውልናል ማለት ነው።

የነጋዴውንም ሐሳብ አልናቅኩበትም። በግብር ብቻ ሁሉን ሰው የሚያክሙ አገሮች አሉ። እንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ ሳትወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ሕዝቧን ሁሉ ከግብር በሚገኝ ገንዘብ በነጻ ማከም ጀምራለች። ግን የእኛ አገር ሰው አብዛኛው ገበሬ ነው፤ ከመሬት ግብር የሚሰበሰበው ሆስፒታል አያቆምም። ስለዚህ አገራችን የመረጠችው መካከለኛውን መንገድ ነው። ገበሬውና በግሉ የሚተዳደረው ሰው በዓመት አንዴ፣ ብዙ ጊዜ እህል በሚገባበት ወራት፣ ያዋጣል። ማዋጣት የማይችለው የድሃ ድሃ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይለይና ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል። ፌዴራል መንግሥቱ ደግሞ በጠቅላላው መዋጮ ላይ ድጎማ ይጨምራል። ሙከራው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ተጀመረ። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች የተስፋፋው።

ለወጣቱ እንዲህ አልኩት። “ልጄ፣ እድር ትከፍላለህ?”

“እንዴታ! ያለ እድር ማን ይቀብረኛል?”

“አምስት ዓመት ሞተህ ታውቃለህ?”

ሚኒባሱ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ጤነኛው “እኔ አልታመምም” ብሎ ከቀረ፣ የሚመዘገበው የታመመው ብቻ ይሆንና ቋቱ በሦስት ወር ይደርቃል። ደግሞም የጎረቤት በሽታ የጎረቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ወባዋ ቤት ስትገባ ግብር የከፈለና ያልከፈለ ብላ አልለየችም።

ገበሬው ግን አልሳቁም። “እኔ ሎሚዬን ይዤ መጥቻለሁ” አሉ ቀስ ብለው። “ሎሚ ያልያዘው እኔ አይዶለሁም።”

ይህን ሲሉ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ወጣት ነርስ ሆኜ በሰሜኑ ደጋ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሩቅ ቀበሌ አንዲት ወላድ በቃሬዛ መጣች። ቃሬዛን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ ጠፍር ወይም ገመድ ተጠልፎ የሚሠራ የበሽተኛ አልጋ ነው። በዚያ አገር በሽተኛ ሲኖር ጥሪ ይነፋል፤ ከየቤቱ አንድ ወንድ ትከሻውን ያዋጣል። ያልመጣ ይቀጣል። አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ፣ ገደሉን በመቋሚያ እየተደገፉ ይወጡታል። እነዚያ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲሄዱ አድረው፣ ቀኑንም ጨምረው ነበር የደረሱት። ምጡ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። የልጁ ልብ ምት አይሰማም። እናትየዋን ለማትረፍ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ቀዶ ሕክምና ያለው ጎንደር ነው። አምቡላንስ የለንም። የሪፈር ወረቀቱን ጻፍኩና ለባልየው ሰጠሁት። ከእኔ የሚጠበቀውን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ባልየው ወረቀቱን ገልብጦ አየው። ከዚያ ለተሸካሚዎቹ አሳያቸው። ትከሻቸው ቆስሎ፣ አንዳንዶቹ እግራቸው ደምቶ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ወደ እኔ ዞሮ “እኛ እስከዚህ ተሸክመናል፤ ከዚህ በኋላ ማን ይሸከማል?” አለኝ። በቁጣ አልነበረም። መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ተከትላቸው የመጣችውን በቅሎ በገበያ ዋጋዋ ሲሶ እንኳ በማይሞላ ገንዘብ እዚያው ሸጠ። ለጭነት መኪና ሾፌር ከፍሎ ሚስቱን ጋቢና ውስጥ አስገባት። ከሳምንታት በኋላ መትረፏን ሰማሁ። ልጁ አልተረፈም፤ በቅሎዋም አልተመለሰችም። ያቺ በቅሎ የዚያ ቤት ገበያ መሄጃ፣ የእህል መጫኛ ነበረች። እኔ ግን ለብዙ ዓመት የራሴን ድርሻ እንደተወጣሁ አድርጌ ስናገር ኖሬያለሁ። ወረቀት መጻፍ ሰው መሸከም እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሚኒባሱ ዳባት ቆመ። ነጋዴው ሲወርድ “እናቴ፣ አስብበታለሁ” አለኝ። ዳባት ለጤና ሰዎች የታወቀች ከተማ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወረዳዋ ውስጥ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ ቤት ለቤት እየመዘገበ ያጠናል። የገበሬው ሞት እንኳ ተቆጥሮ እንዲታወቅ ማድረግ አንድ የመንግሥት ሥራ ነው። ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይመደብለትም።

ደባርቅ ስንደርስ ደመናው ከሊማሊሞ ገደል እየወጣ ከተማዋን ይሸፍናት ነበር። ጓደኛዬ ቤት ገንፎ በላሁና በማግስቱ አብረን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድን። ልንገራችሁ፤ ያየሁት ነገር ግማሹ አስለቀሰኝ፣ ግማሹ አናደደኝ።

ያስለቀሰኝ ደስታ ነው። በግቢው ጥግ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። መውለጃቸው የደረሰ አምስት እርጉዞች እሳት ዳር ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ። ገደል እስኪወጡ ምጥ አይጠብቃቸውም፤ ቀድመው መጥተው እዚህ ይቆያሉ። ወሊድ በነጻ ነው፤ ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም እንዲሁ። እዚህ ያመጣቻቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው በዚህ ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ጤና ኬላ ላይ ተመድበዋል። የድሮው የጎንደር ኮሌጅ ሐሳብ ነው፤ ሐኪሙን አትጠብቁ፣ ወደ ቤቱ ሂዱ። ያገኘኋት ልጅ በእግሯ ሁለት ሰዓት ተኩል እየሄደች እርጉዞችን ትጎበኛለች። ጫማዋን አየሁት፤ ሶሉ በሽቦ ታስሯል።

ያናደደኝ የመድኃኒቱ መደርደሪያ ነው። ፋርማሲው ውስጥ ያለችው ወጣት በንጽሕና የተወለወለ ባዶ መደርደሪያ አሳየችኝ። ጤና ጣቢያው የመድህን አባላትን ያክምና ሒሳቡን ከመድህኑ ይጠይቃል። ክፍያው ሲዘገይ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል። ገንዘቡ ሲገኝ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ የማይገኝበት ጊዜ አለ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በክልሉ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከዚያ ወዲህም ሰላም ሲደፈርስ አምቡላንሱ ይቆማል፣ የመድኃኒት መኪናው ይቀራል። ወጣቷ እንዲህ አለችኝ፦ “ሲስተር፣ በጣም የምፈራው ደብተር ይዘው ሲመጡ ነው። ያልከፈለውን ‘የለም’ ብለው ያዝናል። የከፈለውን ‘የለም’ ስለው ግን እንደዋሸሁት ነው የሚያየኝ።”

መንግሥት አንድ ነገር እንዲያስተውል የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ደብተሩን ሲያወጣ ውል ገብቷል። ውሉ ሁለት ወገን አለው። የገበሬው ወገን መዋጮው ነው። የመንግሥት ወገን መደርደሪያው እንዳይራቆት፣ ባለሙያው ደመወዙ በወቅቱ እንዲደርሰው፣ መንገዱ እንዲከፈት ማድረግ ነው። ይህን ገበያ አይሠራውም። ጃናሞራ ወይም በየዳ ላይ የግል ክሊኒክ ከፍቶ የሚያተርፍ ነጋዴ የለም። ትርፍ በሌለበት ቦታ ሁሉ ያለው መንግሥት ብቻ ነው፤ እሱ ከቀረ ማንም የለም።

እኛ ደመወዝተኞችም ከወቀሳው አንድንም። የመንግሥትና የግል ተቀጣሪውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ከደመወዝ ሦስት በመቶ፣ እንደ እኔ ካለው ጡረተኛ ደግሞ አንድ በመቶ ሊቆረጥ ታስቦ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ከተቃወሙት ውስጥ የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት፤ በሻይ ሰዓት እኔም አብሬ ሳጉረመርም ነበር። “መጀመሪያ አገልግሎቱ ይስተካከል” እንል ነበር። ምክንያቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያንኑ ያልተስተካከለ አገልግሎት የወገራ ገበሬ ከገብሱ ሸጦ እየከፈለለት ነው። ከእኛ በፊት ትከሻውን ያዋጣው እሱ ነው።

ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ከአምቡላንሱ መቆሚያ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ቃሬዛ አየሁ። ጠፍሩ አዲስ ነው። ጓደኛዬን “እስካሁን አለ?” አልኳት።

“የት ይሄዳል? መኪና ከሚደርስበት ወዲያ አሁንም ቃሬዛ ነው። ሌሊት ያመጧት ወላድ ናት። አምቡላንሱ ወደ ሆስፒታል ወስዷታል። ተሸካሚዎቹ ተኝተው ነው፤ ሲነሡ ይዘውት ይመለሳሉ።”

ሰዎቹ ከአጥሩ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተው ነበር። ስድስት ናቸው። ከቀሰቀስኳቸው ምን እላቸው እንደነበር አላውቅም። ያ ባልየው በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅም። ቢያገኘኝ ግን ዛሬ መልስ አለኝ። “እስከ መንገዱ እናንተ፣ ከመንገዱ በኋላ መንግሥት፤ ለመንግሥቱ ደግሞ ሁላችንም” እለው ነበር። ዘንድሮ ያቺን ሴት አምቡላንስ ወስዷታል፤ በቅሎ አልተሸጠም። የጃናሞራው ሽማግሌ ግን የሁለት መድኃኒት ዋጋ ከኪሳቸው ከፍለዋል። እኩሌታው መልስ ተገኝቷል፤ እኩሌታው ገና ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ገጠር ወላጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ ስትደውሉ “ደብተሩ ታድሷል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልታደሰ አሳድሱላቸው። የሚታመሙት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። መድኃኒት የለም ከተባሉ ደግሞ ዝም ብለው አይመለሱ። “ከውጭ ግዙ” የተባሉበትን ማዘዣና የገዙበትን ደረሰኝ ይዘው ወደ ወረዳው የጤና መድህን ጽሕፈት ቤት ሄደው ያመልክቱ። ከፍለው የገዙት መብት ነው።

የጃናሞራው ሽማግሌ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ልጁን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ገና የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ይቀራቸው ነበር። “በሉ ሲስተር፣ እኛ እንሸከማለን” አሉኝ። የቀረውን ዓረፍተ ነገር አልጨረሱትም።